በሩን የት እንቀባው? ስለ ፓውደር ኮቲንግ፣ ስለ ዘይት ቀለምና ስለ ልጆቻችን



ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲገላለጥ አዲስ ቅዳም ላይ ሁለት ነገር ይበዛል። አንዱ ግንባታ ነው፣ ሌላው ቀለም። ዝናቡ ያዛገውን በር የሚፍቅ፣ አዲስ መስኮት የሚያሠራ፣ አጥሩን የሚያድስ ብዙ ነው። በዚሁ ሰሞን «ዶክተር፣ ለበርና ለመስኮት ፓውደር ኮቲንግ ይሻላል ወይስ ዘይት ቀለም?» የሚል ጥያቄ ይደርሰኛል። አንዳንዱ «ይሄንንስ ለብየዳ ባለሙያ ብትጠይቅ አይሻልም ወይ?» ይል ይሆናል። ስለ ዕድሜውና ስለ ውበቱ ከሆነ እውነት ነው፣ እሱን ባለሙያው ይንገራችሁ። ስለ ጤናው ግን የምለው አለኝ፤ ዛሬ ጠንከር አድርጌ ልለው ነው።

ሐሳቤን ከመጀመሪያው ላስቀምጥ። ፓውደር ኮቲንግም ሆነ ጥሩ ዘይት ቀለም በደንብ ደርቆ ብረቱን ይዞ እስከተቀመጠ ድረስ አጠገቡ የሚያልፈውን ሰው አይጎዳም። ጉዳቱ ያለው ሁለት ጊዜ ላይ ነው፦ ሲቀባና ሲፋቅ። ስለዚህ «የትኛው ይሻላል?» ከማለታችን በፊት «ሥራው የት ይሠራል? ሲሠራ ማን አጠገቡ አለ?» ብለን እንጠይቅ። መልሱ «ሳሎን ውስጥ፣ ልጆቹ እየተጫወቱ» ከሆነ የትኛውንም ብትመርጡ ተሳስታችኋል።

ሁለቱ ምንና ምን ናቸው?

ዘይት ቀለም የምንለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ቆርቆሮው ሲከፈት አፍንጫን የሚይዘው፣ በቲነር ወይም በቤንዚን የሚቀጥነው ነው። ውስጡ ሦስት ነገር አለ፦ መልኩን የሚሰጠው ዱቄት፣ ብረቱ ላይ የሚያጣብቀው ሙጫ፣ ሁለቱን የሚያቀጥነው ፈሳሽ። ቀለሙ «ደረቀ» ስንል ፈሳሹ ተነነ ማለታችን ነው። የት ሄደ? አየር ላይ። ቤቱ ዝግ ከሆነ ደግሞ ሳንባችን ውስጥ።

ፓውደር ኮቲንግ ፈሳሽ የለውም። ደረቅ ዱቄት ነው። ዱቄቱ በኤሌክትሪክ ኃይል ተሞልቶ በሽጉጥ መሰል መርጫ ሲረጭ ብረቱ ላይ ይለጠፋል፤ ከዚያ ብረቱ ትልቅ ምድጃ ውስጥ ገብቶ በ180 እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ለ10 ወይም ለ20 ደቂቃ ያህል ይጋገራል። ዱቄቱ ቀልጦ አንድ ወጥ ቆዳ ይሆናል። ከከተማ ተጭኖ የሚመጣው ባለ ቀለም የአሉሚኒየም መስኮት አብዛኛው እንዲህ የተሠራ ነው። ቲነር ስለሌለው የሚተን ነገሩ እጅግ ትንሽ ነው፤ ቤታችሁ ሲደርስ ሽታ የሌለውም ለዚህ ነው። በዚህ በኩል ከጤና አንጻር ብልጫው ግልጽ ነው።

ግን ልብ በሉ። ብልጫው የመጣው ሥራው ፋብሪካ ውስጥ ስላለቀ ነው። ዱቄቱ ራሱ ንጹሕ ነገር አይደለም። አንዳንዱ ዱቄት ውስጥ ቲጂአይሲ የሚባል ማጠንከሪያ አለ፤ ቆዳንና ዓይንን ያስቆጣል፣ አለርጂ ያስነሳል፣ በአውሮፓ ደግሞ ዘር የሚተላለፍበትን የሴል ክፍል ሊጎዳ ይችላል ተብሎ ተመድቧል። ደቃቅ ዱቄቱ አየር ላይ ሲበተን በትንሽ ብልጭታ ሊፈነዳ ይችላል፣ ወፍጮ ቤት ውስጥ የዱቄት ብናኝ እንደሚቀጣጠለው ማለት ነው። ስለዚህ በስልክ የሚዘዋወሩትን «በቤትዎ ኦቨን ፓውደር ኮቲንግ ይሥሩ» የሚሉ ቪዲዮዎች አይታችሁ አትሞክሩ። ዳቦ የምትጋግሩበት ኦቨን ለቀለም አይሆንም። በርሜል ቆርጦ ከሰል አንድዶ «ምድጃ ሠራሁ» ማለትም ያው ነው። የዲከረንስ ከሰላችን ለብዙ ነገር ይሆናል፤ ለዚህ ግን አይሆንም።

ስለ እርሳስ እንነጋገር

እርሳስ ስል ተማሪ የሚጽፍበትን ማለቴ አይደለም። የመጻፊያው ውስጥ ያለው ግራፋይት የሚባል የካርቦን ዓይነት ነው፣ ልጅ ቢያኝከው በእርሳስ አይመረዝም። እኔ የምለው ባለሙያዎች ሊድ የሚሉትን ከባድ ብረት ነው፤ የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለውን።

እርሳስ ቀለም ውስጥ ምን ይሠራል? ሦስት ሥራ ሲሠራ ኖሯል። አንደኛ፣ ደማቅ ቢጫና ብርቱካናማ መልክ ይሰጣል። ሁለተኛ፣ ቀለሙ ቶሎ እንዲደርቅ ያደርጋል። ሦስተኛ፣ ብረት እንዳይዝግ ይከላከላል፤ ድሮ ብረት ላይ መጀመሪያ ይቀባ የነበረው ብርቱካናማ ቀይ አንቲረስት ብዙ ጊዜ የእርሳስ ውሕድ ነበር። (ዛሬ የሚሸጠው ቀይ አንቲረስት ሁሉ እርሳስ ነው ማለት ግን አይደለም። ብዙው ቀይ መልኩን የሚያገኘው ከብረት ዝገት ዱቄት ነው። በዓይን መለየት አይቻልም።)

ይሄ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ፓን ኢትዮጵያ የሚባለው አገር በቀል ድርጅት ከዓለም አቀፍ አጋሮቹ ጋር አገራችን ውስጥ የሚሸጡ ዘይት ቀለሞችን እየገዛ ቤተ ሙከራ ልኮ አስመርምሯል፤ ከሚፈቀደው እጅግ የበዛ እርሳስ ያለባቸው ተገኝተዋል። ከዚህ በኋላ በፈረንጆቹ 2018 የሚኒስትሮች ምክር ቤት የእርሳስ ቀለም ቁጥጥር ደንብ ቁጥር 429ን አወጣ። ደንቡ ቀለም ውስጥ የሚኖረው እርሳስ በ1 ኪሎ ከ90 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይላል። በዓለም ላይ ካሉት ጥብቅ ልኮች አንዱ ነው፤ አሜሪካም ከ2009 ጀምሮ የምትጠቀመው ይሄንኑ ነው። በዚህ ልንኮራ ይገባል።

የ90 ሚሊ ግራሙን ትርጉም በምሳሌ ልንገራችሁ። ከመቶው አንድ እጁ እርሳስ የሆነ ቀለም ቢኖር በ1 ኪሎው ውስጥ 10 ግራም እርሳስ አለ ማለት ነው። ይሄ ከሚፈቀደው ከ100 እጥፍ በላይ ነው። እንዲህ ያለ ቀለም አርጅቶ ሲፈረፈር ወይም ሲፋቅ ወለሉ ላይ ምን እንደሚቀር አስቡት።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በየአገሩ የተደረጉ ምርመራዎች ብዙ እርሳስ የሚያገኙት ደማቅ ቀለሞች ላይ ነው፤ በተለይ ቢጫ፣ ቀይና ብርቱካናማ ላይ። አረንጓዴውም ብዙ ጊዜ የእርሳስ ቢጫ ከሰማያዊ ጋር ተደባልቆ ይሠራ ነበር። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ! የትምህርት ቤቶቻችን በር፣ የአፀደ ሕፃናቱ ዥዋዥዌና መንሸራተቻ፣ የቀበሌው አጥር ምን ምን እንደሚቀባ ታውቃላችሁ። ባንዲራችንን መውደድ ጥሩ ነው። ከደንቡ በፊት የተቀባ፣ ዛሬ እየተላጠ ያለ የብረት ዥዋዥዌ ግን ልጆች እጃቸውን አፋቸው ውስጥ የሚከቱበት ቦታ ነው ያለው።

ልጆች ለምን ይበልጥ ይጎዳሉ?

ሕፃን ልጅ መሬት ላይ ይድሃል፣ ያገኘውን ያነሣል፣ ወደ አፉ ይወስዳል። ይሄ ተፈጥሮው ነው። ከዋጠው እርሳስ ውስጥ ደግሞ ሰውነቱ የሚያስገባው መጠን ከአዋቂ ከ4 እስከ 5 እጥፍ እንደሚደርስ የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። አንጎሉ ገና እየተሠራ ነው። ወዲያው ላይታመም ይችላል፤ በኋላ ግን ትምህርት ይከብደዋል፣ ትኩረቱ ይበተናል፣ ቁጡ ይሆናል። እኛ «ይሄ ልጅ ሰነፍ ነው»፣ «ይሄ ልጅ ዕረፍት የለውም» ብለን እናልፈዋለን። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያደርስ የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅ ይናገራል፤ ጠፍቶ የነበረውን የአንጎል አቅም የሚመልስ መድኃኒትም የለንም።

እርጉዝ እናትም እንዲሁ ናት። እርሳስ አጥንት ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል፤ በእርግዝና ጊዜ አጥንቷ ካልሲየም ሲለቅ እርሳሱም አብሮ ወደ ደም ይወጣል፣ እንግዴ ልጁንም ያልፋል። ስለዚህ «ልጅ ሊወለድ ነው፣ ቤቱን እናሳምር» ብላችሁ እርጉዟ ባለችበት ቤት አሮጌ በር የምትፍቁ ወገኖች፣ እባካችሁ። የሐሳቡን ደግነት አውቀዋለሁ። ሰዓቱና ቦታው ግን ልክ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ብረት ማዕድንና ካልሲየም ያነሰው ሰውነት እርሳስን የበለጠ ይስባል። ልጆቻችሁን በጤፍ፣ በጎመን፣ በጥራጥሬ፣ በወተትና በእንቁላል ደህና አድርጎ መመገብ በዚህም በኩል ይጠቅማል። ብቻውን ግን ጋሻ አይሆንም።

ሽታው «ያልፋል» አይባልም

ቲነር ውስጥ እንደ ቶሉይንና ዛይሊን ያሉ ፈሳሾች አሉ። ዝግ ክፍል ውስጥ ሲተኑ ራስ ያዞራሉ፣ ራስ ያሳምማሉ፣ ያቅለሸልሻሉ። ብዙ ሰው «ሽታው ነው፣ ይለምዳል» ይላል። አፍንጫ ይለምዳል፤ አንጎል ግን አይለምድም። በዴንማርክና በጎረቤቶቿ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ለዓመታት ቀለም ሲቀቡ የኖሩ ሠራተኞች የማስታወስ ችሎታቸው እየደከመ፣ ጠባያቸው እየተለወጠ መምጣቱ ተጠንቶ እንደ ሥራ በሽታ ተመዝግቧል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋምም የቀቢነትን ሥራ ካንሰር ከሚያመጡ የሥራ ዓይነቶች መድቦታል፤ በተለይ የሳንባና የፊኛ ካንሰር።

በማጠንከሪያ ተደባልቆ የሚረጨው የመኪና ቀለም ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። አይሶሳያኔት የሚባለው ንጥረ ነገር በሥራ ምክንያት ለሚመጣ አስም ዋና ከሚባሉት መነሻዎች አንዱ ነው። «ለበር ያምራል፣ ይጠነክራል» ብለው በኮምፕሬሰር ግቢ ውስጥ የሚረጩ አሉ። ጎረቤታችሁ አስም ያለበት ሰው ካለ የእናንተን በር ዋጋ የሚከፍለው እሱ ነው።

እሳቱንም አትርሱ። የእኛ አገር ደጋ ነው፣ ማታ ይበርዳል፣ ከሰል ክፍል ውስጥ ይገባል። የቲነር ተን ከአየር ይከብዳል፤ ወለል ለወለል ሄዶ ከሰሉን ያገኘዋል። አዲስ በተቀባ ክፍል ውስጥ ከሰል ማያያዝ ማለት ቃጠሎን መጥራት ነው። የከሰል ጭሱ ራሱ በዝግ ቤት እንደሚገድል ከዚህ በፊት ብዙ ጊዜ ጽፌበታለሁ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ደግሞ ሃይላንድ ነው። የተረፈው ቲነር ወይም ነጭ ጋዝ በሃይላንድ ይገለበጥና አልጋ ሥር ይቀመጣል። የሦስት ዓመት ልጅ ሃይላንድ ሲያይ የሚያየው ውኃ ነው። አንድ ጉንጭ ይበቃል። ሆዱን ከሚጎዳው በላይ ሳንባው ውስጥ ሲገባ የሚያደርሰው ይከፋል። እንዲህ ከተፈጠረ በጣታችሁ አታስመልሱት፣ ወተት ወይም ዘይት አታጠጡት፤ ሲያስመልሰው ወደ ሳንባው ይገባል። ልብሱ ላይ የፈሰሰ ካለ አውልቃችሁ ቆዳውን በውኃና በሳሙና እጠቡ፣ ሃይላንዱን ይዛችሁ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ኑ። ከሁሉም የሚሻለው ግን ቲነርን በመጠጥ ዕቃ አለማስቀመጥ ነው። በቃ።

ብየዳ ቤት ላሉ ወንድሞቼ

ይሄን ሁሉ ስል ብየዳ ቤቶቻችንን ለመክሰስ አይደለም። ከተማውን እየሠሩ ያሉት እነሱ ናቸው። ቀድመው የሚጎዱትም እነሱ ናቸው፣ በተለይ ገና ሥራ እየለመዱ ያሉት ረዳቶች።

አንድ የማውቀውን ነገር ልንገራችሁ። ወጣት ይመጣል፤ ማታ ይንቀጠቀጣል፣ ያተኩሰዋል፣ ሰውነቱ ተሰብሯል። መጀመሪያ የሚጠየቀው «ጃዊ ወርደህ ነበር?» ተብሎ ነው፣ ወባ እንዳይሆን። ምርመራው ነጻ ይሆናል። «ዛሬ ምን ስትሠራ ዋልህ?» ሲባል ግን መልሱ ይወጣል፦ ነጭ የተለበጠ ቧንቧ ሲበይድ ውሏል። ያ ነጭ ልባጥ ዚንክ ነው። ሲበየድ ነጭ ጭስ ይሆናል፤ ጭሱን የተነፈሰ ሰው ከሰዓታት በኋላ እንደ ወባ ያንቀጠቅጠዋል። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ይለቃል። እና ወንድሜ፣ ሐኪም ቤት ስትመጣ ሥራህን ተናገር። እኛም እንጠይቅ። ወባው ግን ሳይመረመር «ጭስ ነው» ብለህ ቤት እንዳትቀር።

ስለ ወተትም ላንሣ። ቀለም የሚቀባም፣ የሚበይድም «ማታ ወተት እጠጣለሁ፣ መርዙን ያረክሰዋል» ይላል። ወተት ምግብ ነው፣ ጠጡ። ግን የገባው በአፍንጫ ነው፣ ሳንባ ውስጥ ነው ያለው፤ ወተቱ የሚሄደው ሆድ ነው። ሁለቱ አይገናኙም። ወተት የጭንብልን ቦታ አይተካም። ስለ ጭንብልም ካነሣን፣ ከኮሮና ጊዜ የቀረው የአፍ መሸፈኛ ለቲነር ተን ምንም አይሠራም። ለተን የሚሆነው ጉንጩ ላይ ክብ ማጣሪያ ያለው ነው። ለብናኝ ደግሞ ፊት ላይ ገጥሞ የሚይዝ የብናኝ መከላከያ ያስፈልጋል። ሁለቱም ከሌሉ ትልቁ መከላከያ ደጅ መውጣትና ነፋሱን በጀርባ አድርጎ መሥራት ነው።

የሥራ ልብሳችሁን ደግሞ ቤት ይዛችሁ አትግቡ። ልጃችሁ ሮጦ መጥቶ የሚያቅፈው ያንን ልብስ ነው። ለብቻው ይታጠብ። እጅ ሳይታጠቡ እንጀራ አይቆረስ።

ታዲያ የትኛውን እንምረጥ?

አሁን ወደ ጥያቄው። እኔ ብሆን እንዲህ ነበር የማደርገው።

1. አዲስ መስኮት ወይም በር የምታስገቡ ከሆነና አቅም ካላችሁ፣ ፋብሪካ ውስጥ ፓውደር የተቀባውን ግዙ። በተለይ ለልጆች መኝታ ቤት። ግን መቁረጡም መበየዱም ከመቀባቱ በፊት ማለቅ አለበት። የተቀባውን አምጥቶ ቤት ውስጥ መቁረጥና መበየድ ልባጡን ያቃጥላል፣ ጭሱም ይጎዳል፤ የተቃጠለበት ቦታም በኋላ ይዝጋል።

2. አቅሙ ከሌለ አትጨነቁ። አዲስ ቅዳም ላይ ፓውደር የሚጋግር ምድጃ እስካሁን አላየሁም፤ ከሩቅ ማስጫኑም ወጪ ነው። እዚሁ የሚበየደው በር በዘይት ቀለም ቢቀባ ችግር የለውም። ብየዳ ቤቱ ጋ ደጅ ላይ ይቀባ፣ እዚያው ይድረቅ፣ ከዚያ ቤት ይግባ። «ገጥመነው እንቀባዋለን» አትበሉ። በውኃ የሚቀጥን የብረት ቀለም ካገኛችሁ ደግሞ ከዘይት ቀለሙ እሱን አስቀድሙ።

3. አሮጌው በር ቀለሙ ካልተላጠ አትፋቁት። በሳሙናና በውኃ እጠቡት፣ በረጠበ የብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብላችሁ አሻሹት፣ ከላዩ ቀቡት። ከታች እርሳስ ቢኖርም ተሸፍኖ ይቀመጣል። ብዙ ሰው «እስከ ብረቱ ካልተፋቀ አይያዝም» ይላል፤ ለተላጠ ቀለም እውነት ነው፣ ደህና ለያዘው ግን አይደለም።

4. ከተላጠና ከዛገ ግን መፋቁ አይቀርም። በሩን ከማጠፊያው አውጡና ከቤት ራቅ አድርጉት። ውኃ እየረጫችሁ በእጅ ፋቁ። በደረቁ በግራይንደር አትፋቁ፣ እሳት ላይም አትለብልቡ። ግራይንደሩ እርሳሱን ብናኝ ያደርገዋል፣ እሳቱ ደግሞ ጭስ።

5. የሕፃን አልጋና መጫወቻ ከሆነ የማታውቁትን አሮጌ ቀለም አትመኑ። ልጅ የአልጋውን ጠርዝ ይግጣል። ያልተቀባ እንጨት ከማይታወቅ ደማቅ ቀለም ይሻላል።

6. ምግብና ውኃ የሚነካውን አትቀቡ። የውኃ በርሜልን ውስጡን፣ የምግብ ዕቃን፣ ተራ ቀለም የማይችለውን የከሰል ምድጃ፣ ሁሉንም ተዉት። ምድጃው ሲሞቅ ቀለሙ ተቃጥሎ ወደ እናንተ ይመጣል።

ስትቀቡ እነዚህን ብቻ አትርሱ

ልጆችንና እርጉዞችን ወደ ዘመድ ቤት ስደዱ፤ ፍቆ ማጽዳቱም እስኪያልቅ ይቆዩ። ከሥሩ ላስቲክ አንጥፉና ሲያልቅ ጠቅልላችሁ አስወግዱት፣ ድንች ወይም ጎመን ከሚተከልበት ጓሮ ርቆ። ወለሉን በደረቅ መጥረጊያ አትጥረጉ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። የተቀባ ክፍል ውስጥ ሽታው ሳይጠፋ አትተኙ፤ ቢያንስ ሁለት ሦስት ቀን በርና መስኮት ከፍታችሁ አሳድሩት። ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ ዝናብ እየዘነበ በዝግ ቤት ከመቀባት በደረቁ ወራት ደጅ መቀባት ይሻላል። ለጤናም፣ ለቀለሙም።

ሱቅ ስትገዙ ደግሞ ቆርቆሮው ላይ የአምራቹ ስምና «ከእርሳስ ነፃ» የሚል መኖሩን እዩ። ከትልቅ ቆርቆሮ ተቀንሶ ጽሑፍ በሌለው ዕቃ የሚሸጥን ቀለም ለቤት ውስጥ አትግዙ። ጽሑፉ ብቻውን ማረጋገጫ አይደለም፤ ግን የሚጠይቅ ገዢ ሲበዛ ባለሱቁም አምጪውን ይጠይቃል።

መቼ ወደ ጤና ተቋም?

ቀለም ሲቀባ ራሱን የሳተ፣ ግራ የተጋባ ወይም ትንፋሽ ያጠረው ሰው ካለ መጀመሪያ ወደ ንጹሕ አየር አውጡት፣ ከዚያ አምጡት። ልጃችሁ አሮጌ ቀለም ሲፋቅበት በነበረ ቤት ከርሞ ሆዱን ደጋግሞ ካመመው፣ ከደረቀ፣ ፊቱ ከገረጣ፣ ጠባዩ ከተለወጠ አሳዩት፤ ካንቀጠቀጠውማ አንዲት ሰዓት አትቆዩ። ስትመጡም «ቤት ቀለም ተፍቆ ነበር» በሉ። ካልነገራችሁን በቀላሉ አይታሰበንም። ደም ውስጥ ያለን እርሳስ የሚለካ ምርመራ በአብዛኞቹ የወረዳ ጤና ተቋማት የለም። ለዚህም ነው መከላከሉ ላይ እንዲህ የምጮኸው።

የመጨረሻ ቃል

«አባቶቻችን ሲቀቡ ኖሩ፣ ምን ሆኑ?» የሚለኝ አይጠፋም። አባቶቻችን ቤት የእንጨት በር ነበር የነበረው። ላሜራና ዘይት ቀለም በየጓዳው የገባው በእኛ ዘመን ነው። እርሳስ ደግሞ ምልክቱን በግንባር ላይ አይጽፍም። ዓለም የሥራ ድርጅት ነጭ የእርሳስ ቀለም ለቤት ውስጥ እንዲቀር ስምምነት ያወጣው በ1921 ነው፤ መቶ ዓመት አለፈው። የሚታወቅ ነገር ነው፣ እኛ ዘንድ ዘግይቶ ደረሰ እንጂ።

ስለዚህ ለቤተሰብ ብቻ ተናግሬ አላቆምም። ትምህርት ቤቶች ቀለም ሲገዙ በግዢ ሰነዳቸው ላይ «በ1 ኪሎ ከ90 ሚሊ ግራም እርሳስ ያልበለጠ» ብለው ይጻፉ። አንድ መስመር ነው፣ ሕጉም አላቸው። የተላጠውን ዥዋዥዌ ተማሪ በሌለበት በክረምት ዕረፍት፣ ጣሪያ ሥር በእርጥቡ ያሳድሱ፤ ልጆቹ እየተማሩ በግራይንደር አያስፈቅቁ። የንግድ ቁጥጥር ሠራተኞችም ሱቅ ሲገቡ ዋጋውን ብቻ አይጠይቁ፣ ቆርቆሮውን ገልብጠው ያንብቡ። ደንቡ በወረቀት ላይ ያለው አዲስ አበባ ነው፤ ቀለሙ ያለው ግን እዚህ እንጅባራ፣ ዳንግላ፣ አዲስ ቅዳም ነው።

በር በየጥቂት ዓመቱ ይታደሳል። የልጅ አንጎል ግን አንዴ ነው የሚሠራው። ፓውደርም ይሁን ዘይት ቀለም አቅማችሁ የፈቀደውን ምረጡ፤ ደጅ ይሠራ፣ በእርጥቡ ይፋቅ፣ ልጆች ይራቁ።

ቤት እያሠራ ያለ ዘመድ ወይም ብየዳ ቤት የሚሠራ ጓደኛ ካላችሁ ይሄን ጽሑፍ አጋሩት። ጤና ለሁላችን!